ሁለቴ የተባረርኩባት መኪና

ቁልፉን የተቀበለኝ እዚያው ጂንካ፣ አውሮፕላኑ ከሚያርፍበት ሜዳ ዳር ነው። ከአውሮፕላኑ ወርዶ ሻንጣውን እንኳ መሬት አላስቀመጠም...

«ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቁልፉን ይስጡኝ። ከዛሬ ጀምሮ የምነዳው እኔ ነኝ።»

በደርግ ጊዜ ነው። የአንድ ነጋዴ ፊያት የጭነት መኪና ነበር የምነዳው። ጨው ይዤ ጂንካ ገባሁ፤ አራግፌ በቆሎ ጫንኩ። ልወጣ ስል ዝናቡ ወረደና መንገዱ ላይ ያሉት ወንዞች ሞሉ። ያን ጊዜ ውሃው እስኪጎድል ቁጭ ማለት ነው፤ አስራ ሰባት ቀን ቁጭ አልኩ። ባለመኪናው አዲስ አበባ ሆኖ «ይሄ ሰውዬ በመኪናዬ የራሱን ንግድ ይዟል» ብሎ ደመደመና ታናሽ ወንድሙን ሰለሞንን ላከብኝ። ቁልፍ የጠየቀኝ እሱ ነው፤ የደረሰውም ውሃው በጎደለ ማግስት ነው።

«የሦስት ወር ደሞዜስ?» አልኩት።

«እሱን አዲስ አበባ ከወንድሜ ጋር ይነጋገሩ።»

«በምን ልሂድ?»

ወደ ሰማይ አየ። የመጣበት አውሮፕላን እየተነሳ ነበር። እኔ ደግሞ ኪሴ ውስጥ የሁለት ቀን ምሳ የምታህል ብር ብቻ ነው የቀረችኝ። ባለቤቴ ሻሸመኔ ናት፤ ወሯ ገብቷል። እውነቱን ለመናገር ከደሞዙ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነበር።

ወደ መንግሥት ቢሮ ሄድኩ። አንድ ቀጭን ጸሐፊ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«የቅጥር ደብዳቤ አለህ ጓድ?»

«በቃል ነው የተቀጠርኩት።»

«የስንብት ደብዳቤስ?»

«የተባረርኩትም በቃል ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «አየህ፣ አዋጁ ካንተ ጋር ነው። ደሞዝህን ሳይከፍል፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሊያባርርህ አይችልም። ግን ክስህ የሚታየው የተቀጠርክበት ቦታ ነው... አዲስ አበባ።»

«እሺ፣ አዲስ አበባ የምሄድበት ይለፍ ወረቀት ስጠኝ።»

«ከአሠሪህ ደብዳቤ ካመጣህ እንሰጥሃለን።»

ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። የእኔ ይለፍ ደግሞ መኪናውና እኔ አንድ ላይ የተጻፍንበት ስለነበር ሰለሞን ከመኪናው ጋር ይዞት ሄዷል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ወረቀት ካለ መኪና ያልፋል ብሎ ነው የሚያስበው። አመስግኜ ወጣሁና አልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ምንም የማደርገው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የመኪናዬን ድምፅ ሰማሁ። ሾፌር የነዳትን መኪና በድምጿ ያውቃታል... ማርሹ እየተንገጫገጨ ነበር፤ ሰለሞን ነዋ።

ከጎኑ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የተቀመጠው ጊኖ ነው። ጊኖ የወይጦ ኬላ ሚሊሺያ ነው፤ የዚያው አገር ሰው፣ የፀማይ ተወላጅ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ ሰላም እለዋለሁ፣ ትምባሆ እሰጠዋለሁ። ወረቀት ማንበብ አይችልም። የሾፌሮቹን ፊት ግን አንድ በአንድ ያውቃል።

ዘሎ ወረደና ትከሻዬን ይዞ አገላብጦ አየኝ።

«ታደሰ! አንተ አለህ?»

«አለሁ። ምነው?»

«ይሄ ሰው መኪናህን ይዞ መጣ። ታደሰ የት አለ? አልኩት። ወረቀት አሳየኝ። እኔ ወረቀት አልጠየቅኩም፣ ታደሰን ነው የጠየቅኩት። ገድሎህ ነው አልኩ።»

ሰለሞን ከመሪው ጋር እንደተጣበቀ ቀርቷል። ሁለት ቀን ኬላው ላይ ታግቶ ከርሞ ፊቱ አመድ መስሏል። «ጋሽ ታደሰ፣ እባክዎ ይንገሩት...»

ነገርኩት። ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ፤ መባረሬን፣ ደሞዜን፣ የባለቤቴን ነገር። ጊኖ እስከ መጨረሻው ሰማና ወደ ሰለሞን ዞረ።

«አባቴ ከብት የሚጠብቅለትን ሰው ሲያሰናብት ድርሻውን ይሰጠዋል፣ እስከ አባቱ ደጅ ይሸኘዋል። ሜዳ ላይ አይጥለውም። አንተ ይሄን ሰው ሜዳ ላይ ጣልከው።»

«እኔ ምን ላድርግ? ገንዘብ የለኝም!» አለ ሰለሞን።

«እንግዲያው መኪናው እዚህ ይደር» አለና ጊኖ ጎማው ጥላ ስር ተቀመጠ። ሊነሳ ያሰበም አይመስልም።

በመጨረሻ ሰለሞን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። ከካልሲው ውስጥ ብር አወጣ። የሦስት ወር ደሞዜን እዚያው፣ ላብ ላብ እየሸተተ፣ ተቀበልኩ።

ግን ይለፉ ላይ ያለው ስም አሁንም የእኔ ነው፤ ከወይጦ በኋላም እስከ ሻሸመኔ ፊቴን የሚያውቅ ስንት ኬላ አለ። ስለዚህ መሪውን እኔ ያዝኩ። ጊኖን ወይጦ አወረድነው። ሰለሞን እስከ ሻሸመኔ በየኬላው ይለፉን እያወጣ አቀበለኝ።

ሻሸመኔ ደጃፌ ላይ አቆምኩና እኔው ቁልፉን ዘረጋሁለት፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ኬላዎች ወረቀት እንጂ ፊት አያዩም።

«እንግዲህ ጋሽ ታደሰ...» አለ እያፈረ።

«ገብቶኛል፤ ተባርሬያለሁ» አልኩት።

ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ወጣች። ቀጥ ብላ በመቆሟ እግዜርን አመሰገንኩ። እንግዳ ስታይ ደግሞ ማስገባት ነው የምታውቀው። ሰለሞን ምሳ በላ፣ ድገም ተባለ፣ ደገመ፣ መርቆን ሄደ። ማን እንደሆነ የነገርኳት ከሄደ በኋላ ነው።

«ቀድመህ ብትነግረኝ እንቁላሉን አልጠብስለትም ነበር» አለች።

ልጃችን የተወለደችው በአራተኛው ቀን ነው። አምስት ልጆች አሉኝ፤ ሲወለዱ ቤት የተገኘሁት ለእሷ ብቻ ነው። ሥራ ፈት ነበርኩ ነዋ!