ጭልፋና ሳፋ

ሳቬታ ከኦልት ወንዝ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት አስታራቂ ናት። መምህራኑ «ለወገኖችሽ ንገሪያቸው» ሲሏት ሌላው ሰው ጂፕሲ ወደሚላቸው ወደ ሮማዎቹ ሰፈር ትወርዳለች፤ ሰፈሩ «ለጋጆዎችሽ ንገሪያቸው» ሲላት ወደ ትምህርት ቤት ትወጣለች። ሮማ ያልሆነ ሁሉ እዚያ ጋጆ ነው። በሁለት ወገን መካከል የቆመ ሰው ሁለቱንም የሚያውቅ ይመስለናል፤ ሁለቱም እሱን እንደማያውቁት ግን ልብ አንልም።

እሷ ራሷ በልጅነቷ ከኋላ ወንበር ነበረች። ሌሎቹ ሲጽፉ እሷ ምድጃው ውስጥ እንጨት ትጨምር ነበር። ማንበብ የቻለችው አግብታ ከወለደች በኋላ ነው፤ በትምህርት ነገር ቀልድ አታውቅም።

ዘንድሮ የመጣችው መምህርት ኢሊንካ ወጣት ናት፤ ቅን ናት። ሳቬታን የሚያቃጥላትም ይኸው ቅንነቷ ነው፤ ክፉ ብትሆን ሰድቦ መገላገል ይቻል ነበር። አዲስ የማስተማር ዘዴ ይዛ መጣች፤ ልጆቹ ሒሳብን ከቤታቸው ባመጡት ዕቃ ይማሩ አለች። እውነትም ልጆቹ ወደዱት፤ በዝናብ ቀን እንኳ የሚቀር ጠፋ።

ብርዱ ሲገባ ሳቬታን ከተማ ለስልጠና ላኳት። አንድ ከረቫት ያሰረ ሰው የሮማ ልጅ ምን እንደሚያስብ ሲያስረዳት ዋለ። ያን ዕለት ኢሊንካ መለካት ልታስተምር ወለል የሚታጠብበትን ሳፋ አወጣችና ውሃ ሞላችው። ከዚያም ኑትሳ የምትባል ተማሪ ከቤቷ ያመጣችውን የሾርባ ጭልፋ ነከረችበት። «ስንት ጭልፋ ይወጣዋል?» አለች።

በሰፈሩ የወለል ሳፋና ምግብ የሚነካ ዕቃ አይገናኙም። ከተገናኙ ሳሙናም እሳትም አያነጻውም። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ፤ መምህርት ስታዝ ግን ማን ይናገራል? ኑትሳ ቤቷ ገብታ ለአያቷ ለሩፓ አወራች። ሩፓ ጭልፋውን ቦይ ውስጥ ወረወረችው፤ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ በማግስቱ ክፍሉ ባዶ ሆነ።

ርዕሰ መምህሩ ሳቬታን ጠራት። «እስከ ሰኞ ካልተመለሱ ክፍሉን እዘጋለሁ። ከተማ ወዳለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ይዛወራሉ።» እዚያ የገባ የሮማ ልጅ ደህና ጭንቅላት ይዞ ገብቶ፣ ደካማ ነው የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ሳቬታ ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ ኢሊንካ ሄደች።

«እትዬ ሳቬታ፣ ሳፋውን እኮ በደንብ አጥቤዋለሁ!» አለች ኢሊንካ እያለቀሰች።

«ማጠብሽን ማን ጠየቀሽ? እኔን መጠየቅ ነበር ያቃተሽ!»

«እርስዎ እኮ አልነበሩም!»

«አዎ፣ ስለ ራሴ ልማር ሄጄ!»

እጇን ይዛ ሰፈር አወረደቻት። ሩፓ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ግቡ አላለችም።

«አንቺ ሳቬታ፣ ጭራሽ ይዘሽብኝ መጣሽ?»

«ይቅርታ ልትጠይቅ ነው፣ እማማ ሩፓ።»

ኢሊንካ አዲስ ጭልፋ ዘረጋችላት።

«ምን ላድርገው? ነገ ደግሞ ሽንት ቤት ልትነክሪው?» ጎረቤቶች በሳቅ ፈረሱ።

ኢሊንካ ስለ ዘዴዋ ማስረዳት ጀመረች። ሩፓም ስለ እናቷና ስለ አያቷ ድስት ማስረዳት ጀመረች። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እውነት ያላቸውን ሰዎች እንደ ማስታረቅ ያለ መከራ የለም።

«በቃ!» አለች ሳቬታ። «እማማ ሩፓ፣ ጭልፋው ተጣለ፤ ኑትሳንም ልትጥያት ነው? ገና ስሟን መጻፍ ስትጀምር? አንቺ ደግሞ፣ አዲስ ዘዴ ትያለሽ፤ ጎረቤት መጠየቅ የሚባለውን አሮጌውን ዘዴ ማን ያስተምርሽ?»

ሩፓ ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«እኔ ራሴ እዚያ ካልተቀመጥኩ ልጅ አልክም። የሚነካና የማይነካውን እያየሁ። እኔ ከገባሁ ሌሎቹም ይልካሉ።»

ሰኞ ሩፓ ሰፊ ቀሚሷን በትንሿ ወንበር ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ክፍሉ ሞላ። ኢሊንካ ገና አፏን ስትከፍት «ጮክ በይ እንጂ፣ ቁርስ አልበላሽም?» አለቻት። ልጆቹ ተንከተከቱ።

ርዕሰ መምህሩ ሳቬታን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። «ይህች ሴት በየትኛው ደንብ ነው የገባችው?»

«ልጆቹ ተመልሰዋል?»

«ተመልሰዋል፤ ግን ደንቡ...»

«እንግዲያው ገብተው ያስወጧት።»

ሰውዬው በበሩ ስንጥቅ ሩፓን አያት፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ቢሮው ሄደ። ከውስጥ ኢሊንካና ሩፓ ባንድ ጊዜ «ሳቬታ!» ብለው ተጣሩ።

«ወይ ፈጣሪዬ!» አለችና ገባች።