የማትጠጣዋ ወይን አዋቂ

ድርቤ ኢፋ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ ወይን ጠጅ ቀምሳ አታውቅም። ሰው እንዲያመሰግናት ብላ ግን ይህን ተናግራ አታውቅም። ጴንጤ ናት፣ የጴንጤ ልጅ ናት፣ ከመዘምራን ጋር መቆም ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በቃ። ችግሩ በነቀምቴ ከተማ ስለ ጣልያን ወይን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። እንዲህ ያለ የሚያናድድ ዕጣ ለማን ደርሶ ያውቃል?

ነገሩ የጀመረው የሆቴሉ ባለቤት አቶ መሸሻ ከአዲስ አበባ ሃያ ካርቶን የጣልያን ወይን አስጭነው የመጡ ዕለት ነው። ድርቤ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባለው በዚህ ሆቴል አሥራ ሰባት ዓመት አስተናግዳለች። የአዳራሽ ኃላፊነቱ ሁለት ጊዜ ቃል ተገብቶላት ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው ሆኗል። ከካርቶኖቹ ጋር አስመጪው በአማርኛ ያሳተመው ቀጭን መጽሐፍ ነበር። አቶ መሸሻ መጽሐፉን ከፍ አድርገው፣ “ይህን አጥንቶ እንግዳ ያስደሰተ አዳራሹን ይይዛል” አሉ። ሌሎቹ አስተናጋጆች ሥዕሉን አይተው መለሱት። ድርቤ እንደ መዝሙር በቃሏ ያዘችው።

ወይኑ የሚጠመቀው ቶስካና በሚባል የጣልያን ክፍለ አገር፣ ኮረብታ ላይ ባለ የአንድ ቤተሰብ እርሻ ነው። ሳንጆቬዜ የሚሉት ቀዩ ኮምጠጥ ስለሚል ቲማቲም ከበዛበት ወጥና ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ይስማማል። ቬርሜንቲኖ የሚሉት ነጩ ለአሣ ነው። የወይኑ ፍሬ ከደረቀ በኋላ የሚሠራው ጣፋጩ ቪን ሳንቶ ደግሞ ከለውዝ ብስኩት ጋር ይቀርባል። ጣልያኖቹ ስለ ወለጋው ሥራ ሥር፣ ስለ አንጮቴ የጻፉት ነገር አልነበረም፤ በምን ያውቁታል? ድርቤ ራሷ አሰበችበት። አንጮቴ በቅቤ ርሶ ሲቀርብ አፍ ላይ ይከብዳል፤ ነጩም ኮምጠጥ ስለሚል አፍ ያጥባል። ለአንድ የሚጠጣ ደንበኛ አቀረበችለትና ሰውየው ሳህኑን ጨርሶ ሁለተኛ አዘዘ።

መጽሐፉ የማያስተምረውን ደግሞ አፍንጫዋ ያውቃል። እናቷ አርጆ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ባዕድ ነገር የተደባለቀበትን፣ ሰንብቶ የከረመውን ቅቤ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ በማሽተት ብቻ ትለይ ነበር፤ ይህን ለልጇ አስተማረቻት። ድርቤም ጠርሙስ በከፈተች ቁጥር ቡሹን ታሸታለች።

ታዲያ ምን ያደርጋል! ደንበኛው ያንን የመሰለ ቀይ ወይን አስከፍቶ፣ “እስቲ ኮካ አምጪልኝ” ይላል። ታመጣለች። እሱ ግማሽ በግማሽ ሲቀላቅል እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።

የወይን አዋቂነቷ ወሬ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ኦቦ ጋሩማ አስጠሯት።

“አንቺ ድርቤ፣ ሳትቀምሺ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?”

“ከመጽሐፍ ነው፣ ኦቦ ጋሩማ። ከአፍንጫዬም ነው።”

“እሳት በሌለበት ጭስ አይነሳም፣ ልጄ።” ድምፃቸው ክፋት አልነበረውም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያበሳጫት። “ነገሩ እስኪጣራ ከመዘምራን ጋር አትቆሚም። እንደማትጠጪ የሚመሰክር ሰው አምጪ።”

ማን ይመስክርላት? የማይጠጣው ሰው ሆቴሉ አይገባም፤ የጠጪውን ምስክርነት ደግሞ ሽማግሌ አይቀበልም። እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሌሎች ሲዘምሩ ሰማች።

እንዲህ እንዳለች አስመጪው አቶ አሻግሬ ቅዳሜ ለምሳ እንደሚመጡ ተነገረ። አቶ መሸሻ፣ “ምሳው ካማረላቸው አዳራሹ ያንቺ ነው” አሏት። ድርቤ የዴዴሳ አሣ በነጩ፣ አንጮቴ በነጩ፣ ከዚያ ጥብስ በቀዩ ብላ አሰናዳች። አቶ አሻግሬ አንጮቴውን ጎርሰው፣ ነጩን ተጎንጭተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ይህን ማን አሰበው?”

“እኛው ነና፣ ድርጅታችን!” አሉ አቶ መሸሻ።

ድርቤ የአንጮቴውን ሳህን አነሳች። ጥብሱ ሲደርስ ቀዩን ከፍታ ቡሹን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ዝናብ ገብቶበት የሻገተ ካርቶን ይሸታል። ወደ አቶ መሸሻ ጆሮ ጎንበስ አለች።

“ጋሼ፣ ይህ ተበላሽቷል። ሌላ ልክፈት።”

“ቀምሰሽ በማታውቂው ደግሞ! በእንግዳ ፊት አታዋርጂኝ። ኤባ፣ ና አንተ ቅዳ!”

ኤባ ከእሷ ስምንት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ አስተናጋጅ ነው። እየሳቀ ቀዳ። አቶ አሻግሬ አንዴ ጎንጨት አድርገው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

“ተበላሽቷል። አንዳንድ ጠርሙስ በቡሹ ምክንያት እንዲህ ይሆናል፤ የከፈተው ሰው ግን ማወቅ ነበረበት። ማን ነው የከፈተው?”

“እሷ ናት” አሉ አቶ መሸሻ። “ምን ታድርግ፣ ጴንጤ ናት፤ አትቀምስም።”

“ነግሬዎት ነበር፣ ጋሼ” አለች ድርቤ። አቶ መሸሻ ጮክ ብለው ስቀው ሌላ ጠርሙስ አዘዙ፤ ንግግሯም በሳቁ ውስጥ ጠፋ። ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ለኤባ ተሰጠ። ምክንያቱም ኤባ ይጠጣላ! ድርቤ በሆቴሉ አላዋቂ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጠጪ ተብላ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች።

አንዱን እንኳ ላትርፍ ብላ አቶ መሸሻ ቢሮ ገባች። የጠጪን ቃል የማይቀበል ሽማግሌ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አይገፋም ብላ፣ እንደማትጠጣ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠየቀቻቸው። ፀፀትም ይዟቸው ይሆናል፣ ወዲያው ጽፈው ማኅተም መቱበት። ድርቤ ሳታነበው አጥፋ ያዘችና ቅዳሜ ለሽማግሌዎቹ ሰጠች።

ኦቦ ጋሩማ መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው አነበቡ። “ወይዘሮ ድርቤ ኢፋ በሆቴላችን ሲሠሩ ወይን ጠጅ ቀምሰው የማያውቁ መሆኑን፣ ስለ ወይን ጠጅም ምንም ዓይነት ዕውቀት የሌላቸው መሆኑን እናረጋግጣለን።”

“ዋቀዮ ይመስገን!” አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው በደስታ በራ፤ ከልባቸው ይወዷታል። “ይኸው ነጻ ወጣሽ። ነገ ከመዘምራን ጋር ትቆሚያለሽ።”

ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። ልትወጣም ተነሳች። የሳንጆቬዜው፣ የአንጮቴው፣ የዚያ የሻገተ ቡሽ ነገር ግን አላስወጣት አለ።

“ኦቦ ጋሩማ፣ የመጀመሪያው እውነት ነው። አልቀመስኩም” አለች። “ሁለተኛው ውሸት ነው።”

“እንዴት?”

“አውቃለሁ። እዚያ ሆቴል ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የበለጠ አውቃለሁ።”

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኦቦ ጋሩማ ደብዳቤውን ቀስ ብለው አጠፉትና ገፋ አድርገው መለሱላት።

“እንግዲያው፣ ልጄ” አሉ፣ “ነገም ከኋላ ትቀመጫለሽ።”