ቅቤ የተቀባው መቁያ

ባለፈው ዓመት የባሌ ወንድም ሚስት ስትቀበር የሕይወት ታሪኳ ተነበበ። በሆሳዕና ከተማ በሚሽከረከር መቁያ ቡና ቆልታ በመሸጥ የመጀመሪያዋ ሴት ናት ተባለ። ሰው ሁሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ባሌና እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ መቁያው የማን እንደነበረ የማውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ባሌ አስተማሪ ነበር። አንድ ክረምት ለስልጠና አዲስ አበባ ከርሞ ሲመለስ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አወረደ። ትንሽ የብረት በርሜል ናት፤ በሁለት እግሮች መሀል ተንጠልጥላ፣ ጎኗ ላይ መዝጊያ፣ ጫፏ ላይ እጀታ ያላት። ከሥሯ ከሰል አድርጎ ማዞር ነው። “ሥራ ይሁንሽ” አለኝ። ሌላ ስጦታ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ይህንንም መልሶ ወስዶታል።

አያያዙን ያሳየኝ መናኸሪያው አጠገብ መኪና የሚጠግን ሰው ነው። ቡናው ከበርሜሉ ግማሽ እንዳያልፍ፣ እጄ እንዳይቸኩልም እንዳይቆምም፣ መንጣጣት ሲጀምር ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን እንዳምን ነገረኝ። ሲበርድ ገለፈቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፤ እጀታው የሚዞርበት ላይ፣ ከውጭ ብቻ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። ወደ ውስጥ ግን ስብ የሚባል ነገር እንዳይገባ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ የሚቆላው ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል አለ።

ብዙ ሳይቆይ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት የነበረው ጉራጌ ነጋዴ ደንበኛዬ ሆነ። በየሁለት ቀኑ ትኩስ ቆልቼ እወስድለታለሁ። ካገባሁ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አረገዘች ብሎ ሆዴን ብቻ ሲያይ የነበረ ቤተሰብ እጄን ማየት ጀመረ። ያ መቁያ ከቆመ ወደ ድሮዬ እንደምመለስ አውቅ ነበር።

በዓመቱ ለመስቀል አማቴ ከሆመቾ በኩል ካለው መንደራቸው መጡ፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው። መጀመሪያ አናቴ ላይ አድርገው መረቁኝ። ከጓዳ ስመለስ የመቁያውንም ሆድ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ቀብተውት አገኘኋቸው።

“እማማ፣ ውስጡ ከተቀባ ይቃጠላል ብለውኛል” አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ።

“ቡናና ቅቤ መቼ ተጣልተው ያውቃሉ?”

ቤቱ ሳቀ። በእኛ አገር ቡና ላይ ቅቤ ጣል አድርገን እንጠጣለን። ደግሞ ትልቅ ሰው የቀባው ቅቤ አይጠረግም፤ በራሱ እስኪደርቅ ይተዋል። የጠረገ ምርቃቱን ጠረገ ማለት ነው።

ስቆላበት ይለቃል ብዬ ቆላሁበት። ጢሱ ዓይን አላስገልጥ አለ፤ ቅቤው ጠቁሮ ብረቱ ላይ ተጋገረ፤ እጀታው ይይዝ ጀመር። ነጋዴው ከረጢቱን ፈትቶ አሸተተ።

“እህቴ፣ እኔ ያዘዝኩሽ ቡና ነው፤ ክትፎ አላዘዝኩም።”

ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ሳቁ። እስከ ገበያ ቀን ካላስተካከልኩ ሌላ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ባሌን እናቱን እንዲያናግር ለመንኩት። በእናቱ ቅቤ ላይ ማንም እጁን እንዳያነሳ አለ። ለልጆች ስለ ሙቀት የሚያስተምር ሰው ነበር።

በገበያው ዋዜማ ጠዋት፣ ግቢው ባዶ መስሎኝ፣ ጨርቅ ይዤ እጄን አስገባሁ። አጥሩን ተሻግራ እሳት ልትጭር የመጣችው የባሌ ወንድም ሚስት አየችኝ። ፍሟን ይዛ ሄደች። እኩለ ቀን ላይ አማቴ ሰምተው ነበር። አልጮሁም። ልጃቸውን አስቀምጠው “ምርቃቴን ጠረገችው። ሆዷም እምቢ ያላት ለዚህ ነው” አሉት። ባሌ ቀና ብሎ አላየኝም። መቁያውን አንስቶ ወንድሙ ቤት ወሰደው።

በሦስተኛው ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። የባሌ ወንድም ሚስት መቁያውን ደጅ አውጥታ በአመድና በፈላ ውሃ ትፈትገዋለች። ውሃውን የሚያፈሱላት አማቴ ነበሩ። አራት የወለደች ሴት ብትጠርገው ችግር የለውም ማለት ነው። አማቴ ዓይኔን በቀዳዳው አዩት፤ ማፍሰሳቸውን ግን አላቆሙም። በሳምንቱ ነጋዴው የእሷ ደንበኛ ሆነ። እኔ በኋላ ሦስት ልጆች ወለድኩ፤ ያን ቃል ተሳስተን ነው የተናገርነው ያለኝ ግን የለም።

ከቀብር መልስ ልጇ ሳሎን አስገባችኝ። መቁያው ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀምጧል።

“አክስቴ፣ አንቺ ታስታውሺዋለሽ አይደል?”

መዝጊያውን ከፍቼ ጣቴን አስገባሁ። ንጹሕ ነበር።

“እናትሽ በደንብ ይዛዋለች” አልኳት። ልጅቷ እንባዋ መጣና አቀፈችኝ፤ እኔም ታቀፍኩላት።