ያልቆየችው በኩር በለስ

ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጣው ዓብዩ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ የተከላት በለስ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ስታሳየው ኖረች። የቁልቋሉን በለስ ማለቴ አይደለም፤ እሱማ በየመንገዱ ሞልቷል። ይህቺ ከጅቡቲ በችግኝ የመጣች የዛፍ በለስ ናት። ዘንድሮ ሌላው ፍሬ ገና ጠጠር ሳለ አንዷ ብቻ ቀድማ ጠቆር አለች።

ዓብዩ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ አንድ ቃል ከያዘ አይለቅም። "በዕብራይስጥ ቢኩራ ትባላለች" ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። "የኛ በኩር ዘመዷ ነው። በዓምናው ቅርንጫፍ ላይ ከሁሉ ቀድማ የምትበስል በለስ። ነቢዩ ነፍሴ ተመኘቻት ያለው እሷን ነው። እሷ ከመጣች ሌሎቹም ይመጣሉ ማለት ነው።" ስለዚህ እሁድ በኩራት፣ የመጀመሪያ ፍሬ መባ አድርጎ ለቤተ ክርስቲያን ሊያስገባት ተሳለ። ወፍ እንዳይነካትም በነጠላ ቁራጭ ሸፈናት።

ረቡዕ ጠዋት ጎረቤቱ ዛምዛም መጣች። ዓምና እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሁለት ወር ሙሉ ዛፏን ያጠጣችው እሷ ናት። አሁን የአራት ወር እርጉዝ ነች። እንደ ድሬ ልጅ አንቱታ አታውቅም።

"ጋሽ ዓብዩ፣ ያቺ በለስህ አማረችኝ። ወላሂ ከትናንት ጀምሮ ሌላ ምግብ አልወርድልኝ አለ።"

እርጉዝ ያማራትን መከልከል ነውር መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። ግን "የስለት ናት ልጄ፤ የሚቀጥሉት ሁሉ ያንቺ ናቸው" አላት።

"እሺ" ብላ ሄደች። ተከራክራው ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ያ እሺታዋ ሲቆረቁረው ሰነበተ።

ሐሙስ በለሷ ለሰለሰች፣ ዓርብ ማር አንጠባጠበች። ቆርጦ እንዳያስቀምጣት መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኗል። ለዛምዛም እንዳይሰጣት ስለቱ ያዘው። በሙቀቱ ተናደደ፣ በመብራቱ ተናደደ፣ እሁድ ባለመድረሱ ተናደደ። ቅዳሜ ጠዋት ጨርቁን ሲገልጠው ጉንዳን ውስጧን ጨርሶ ልጣጯን ብቻ ትቶለታል።

ያኔ ከራሱ በቀር የሚናደድበት አጣ። ሌላው ነቢይ ስለዚህችው በለስ ሲናገር፣ ያያት ሰው ገና በእጁ ሳለች ይውጣታል ይላል። ቢኩራ ተቀምጣ የምትቆይ ፍሬ አይደለችም፤ ላማረው ሰው ወዲያው የምትሰጥ ናት። ይህንን ለልጆቹ ስንት ዓመት አስተምሯል። ማስተማር ምን ያደርጋል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሎቹ በሰሉ። ስለትም ሳይል፣ እሁድም ሳይጠብቅ፣ ሰሃን ሙሉ ይዞ ዛምዛም ቤት ሮጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ዛምዛም አንዷን አንስታ አገላበጠቻትና መልሳ አስቀመጠቻት።

"አላህ ይስጥልኝ ጋሽ ዓብዩ፣ ልጆቹ ይበሉታል። እኔን ያማረችኝ ያቺኛዋ ነበረች።"

"እሺ" አላት ዓብዩ፤ ሰሃኑን እዚያው ትቶ ወጣ።