አባቴ «ልጄ ሐኪም ነው» ብለው የጠበቁኝ ክረምት

ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ሄጄ፣ ካርዴን የምትሞላው ነርስ «አባትዎ ስኳር ነበረባቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እሷ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች፤ እኔ ግን ሳላልፍ ቀረሁ። ከዚያ ወጥቼ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ እስከ ጀጎል ግንብ ድረስ ስሄድ፣ መንገዱን ሁሉ የማስበው የአባቴን እግር ነበር።

ጊዜው የሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ከሐረር ተመርጠው ለትምህርት ወደ ኩባ ከሄዱት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። ሰፈሩ የሸኘኝ ሐኪም ሆኖ ይመለሳል ብሎ ነው። አባቴም ፈላና በር ባለችው ሱቃቸው በርበሬና እርድ ለሚገዛው ሁሉ «ልጄ ሕክምና ሊማር ሄደ» ሲሉ ይውሉ ነበር። እኔም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ስፓኒሽ ስንማር ግን አንዲት አስተማሪያችን ከሰዓት በኋላ ግጥም ታነብልን ነበር፤ ቋንቋውን ገና በወጉ ሳልይዘው ድምፁ እኔን ያዘኝ። ምድብ ስንጠየቅ የስፓኒሽ ሥነ ጽሑፍ፣ ባህልና ማኅበረሰብ የሚሰጥበትን ክፍል መረጥኩ። ይህን ግን ለቤት አልጻፍኩም። «ትምህርቱ ደህና ነው» እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። ያኔ ይህ ውሸት አይመስለኝም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ለዕረፍት መጣሁ። አውቶቡሱ ከድሬዳዋ ሙቀት ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ቅዝቃዜው በመስኮት ገባ። አለማያ ላይ ማሽላው ለምልሟል፤ ሴቶች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው የቁልቋል ፍሬ ይሸጣሉ። አቦከር ሰፈር ቤታችን ስደርስ እናቴ ከቡና ገለፈት በወተት ያፈላችውን ሆጃ ሰጠችኝ። ሁለቴ ሳልጎነጭ አባቴ ጫማቸውን አውልቀው ግራ እግራቸውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉ። ሁለት ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ሽታም ነበረው።

«ከረመዳን ጀምሮ ነው» አሉ። «ሆስፒታል ሂድ ሲሉኝ፣ ልጄ ሲመጣ ያየኛል አልኳቸው። እስቲ እየው።»

ጎንበስ ብዬ እግራቸውን ያዝኩ። ምን ማየት እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር። «ነገ አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን» አልኳቸው።

በሆስፒታሉ ያኔ የኩባ ሐኪሞች ነበሩ። አባቴን ያዩዋቸው ሽበት የጀመራቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። አስተርጓሚያቸው በዚያ ቀን አልመጣም ነበርና በስፓኒሽ ሰላም ስላቸው ፊታቸው በራ። አባቴ ከአልጋው ላይ ቀና ብለው «አንተም ሐኪም እንደሆንክ ንገራቸው» አሉኝ። አልነገርኳቸውም።

ሐኪሙ እግሩን አይተው፣ ደም አስመርምረው ሲመለሱ «አሱካር» አሉ።

አባቴ ቀደሙኝ። «ስኳር አለ አይደል?»

«አዎ አባ፣ የስኳር በሽታ ነው።»

ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች መቆረጥ እንዳለባቸው፣ ከሁለት ወር በፊት መጥተው ቢሆን ግን ይተርፉ እንደነበር ነገሩኝ። ቀጥለውም ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ሥነ ጽሑፍ አልኳቸው።

«ምን አሉህ?» አሉ አባቴ።

በክፍሉ ውስጥ የሁለቱንም ቋንቋ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። የፈለግሁትን ብል የሚያርመኝ የለም።

«ሁለቱ ጣቶች መቆረጥ አለባቸው ይላሉ። ምን እንደምማርም ጠየቁኝ። ሕክምና አይደለም አባ። የምማረው የስፓኒሽ ሥነ ጽሑፍ ነው። ቀድሜ መንገር ነበረብኝ።»

ስለ ሁለቱ ወር የተባለውን ግን ዋጥ አደረግሁት።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አልሐምዱሊላህ፣ እግሬን አላሉም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አላናገሩኝም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጬ ሳነብ፣ «ለመሆኑ ምንድነው የምትማረው?» አሉኝ። ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። የተንተራሱትን ትራስ አየሁና «በስፓኒሽ ይህን አልሞአዳ ይሉታል» አልኳቸው።

ቁርአን ሲቀሩ ያደጉ ሰው ናቸው። «አል-መኸዳ... መከዳ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄማ ዐረብኛ ነው።»

ሙስሊሞች በስፔን ምድር ብዙ መቶ ዓመት እንደኖሩ፣ ቃላቸው እዚያ ቀርቶ በመርከብ እስከ ኩባ እንደተሻገረ አወራኋቸው። ሰዎቹ አንድ ነገር ሲመኙ «ኦሃላ» እንደሚሉና ሥሩ አላህ ከሚለው ስም እንደመጣ ስነግራቸው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«የኛው ኢንሻአላህ ዘመድ ነዋ። እነሱ ያውቃሉ?»

«ብዙዎቹ አያውቁም፤ ዝም ብለው ይሉታል።»

«ታዲያ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸዋል» አሉ፤ ተመልሰውም ተኙ።

ከሆስፒታል በወጡበት ቀን ትከሻዬን ተደግፈው ወደ በሩ እየሄድን፣ ሳልጠይቃቸው «የቆየሁት አንተን ስጠብቅ አይደለም» አሉኝ። «ቢላዋ ፈርቼ ነው። ለሰው ፈራሁ ማለት አፍሬ ነው ያንተን ስም የጠራሁት።»

ክንዳቸውን አጥብቄ ያዝኩና በሩን አሳለፍኳቸው።

ተመርቄ ስመለስ ጥቂት ዓመት በአስተርጓሚነት ሠራሁ፤ ኩባዎቹ ሲሄዱ አስተማሪ ሆንኩ። ዛሬ አባቴ ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌአለሁ። እኔ ኩባ ከመሄዴ በፊት ጦርነቱ ሐረር ደጃፍ በደረሰባቸው ወራት ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸሽ ሱቃቸውን ያልዘጉ ሰው ቢላዋ ፈሩ? ወይስ ስለ ሁለቱ ወር የዋጥኩትን ቃል ከፊቴ ላይ አንብበው፣ ጥፋቱን ከእኔ ላይ ሊያነሱ ነው እንዲያ ያሉኝ? በሕይወት ሳሉ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ነበረኝ፤ አልጠየቅኋቸውም። አሁን ሳስበው፣ የሰጡኝን ይዤ ዝም ማለቴ ሳይሻል አልቀረም።