የዓሣ ቆዳው ማባዣ

ትናንት የተረፈውን የዓሣ ሾርባ ዛሬ ጠዋት ከፍሪጅ ሳወጣ ረግቶ ጠበቀኝ። ጣቴን ጫን አደረግሁበት፤ ተንቀጠቀጠና መልሶ ገፋኝ። ልጄ ብታየኝ «እማዬ፣ ምግብ በጣት አይነካም» ትለኝ ነበር፤ ደግነቱ ሥራ ገብታለች። ድስቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳ፣ ይህን የመሰለ ነገር ትሪ ሙሉ ይዤ የፈራሁት ፍርሃት እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ።

ያኔ አንደኛ «ሀ»ን የማስተምር፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩ። አንደኛ «ለ»ን የሚያስተምሩት ሴት እናቴን ለማከል ጥቂት የቀራቸው ስለነበሩ እትዬ እላቸዋለሁ። እዚያው ደቡብ ተወልደው ያደጉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የሚሄዱበት የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ በመምህራን ክፍል አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው እየሳሳ ሄዷል። እኔ ግን እቀመጥ ነበር። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ሰማንያ ልጅ ፊት ቆሜ የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ ያዳኑኝ እሳቸው ስለሆኑ ነው።

ያላሳዩኝ ዘዴ የለም። ቆርኪ በሽቦ ሰክተው መደመር ያስተምራሉ። ከሳሙና ካርቶን ፊደል ቆርጠው ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ እየዳሰሰ እንዲለየው ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ ሥዕል ይሆንልኝ ነበር። ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የሚመጡት የዓሣ አጥማጆች ልጆች በመጽሐፉ ብርቱካኖች መቀነስ አልገባ ሲላቸው ጀልባና መረብ ሣልኩላቸው። መረቡ ውስጥ ሰባት ዓሣ ነበረ፤ ሁለቱ አመለጡ፤ ስንት ቀረ? እትዬ አይተውት «አንቺ ልጅ፣ ይሄንንማ ለእኔም ልጆች ስጪያቸው» አሉ።

ችግሩ መስጠቱ ላይ ነበር። ከተማው ውስጥ በራሪ ወረቀት ተገኘ ከተባለ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ማባዣ ማሽን ዲሬክተሩ ቢሮ ተቆልፎበታል። አንዲት ገጽ ለማባዛት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፊርማው እስኪሟላ ልጆቹ ሁለተኛ ክፍል ይገባሉ።

አንድ ቀን እትዬ ቤታቸው ወሰዱኝና ኩሽናቸው ውስጥ አንድ የኬክ ትሪ አሳዩኝ። ዓሣ ከሚገፉት ሰዎች የሚጣለውን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳ ከአሞራ ገደል ያመጣሉ። ቀቅለው፣ አጥልለው፣ ፒያሳ ካለው መድኃኒት ቤት የገዙትን ግሊሰሪን ጨምረው ትሪው ላይ እንዲረጋ ይተዉታል። ሲረጥብ ሐምራዊ በሚሆነው የኮፒ እርሳስ የተጻፈ ወረቀት በላዩ ተደፍቶ ጥቂት ሲቆይ ቀለሙን ይለቅበታል። ከዚያ በኋላ ባዶ ወረቀት እየጫኑ ማንሣት ነው፤ ሠላሳ አርባ ቅጂ ይወጣዋል። ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ልጆቹ መጀመሪያ ያሸቱታል፣ ቀጥለው ይሠሩታል፤ አንዱንማ ሲልሰው ይዤዋለሁ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ይሄ ለሌላ ነገርም ይሆናል ብለው ያስባሉ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ትሪው በነጠላ ተሸፍኖ፣ ዳቦ መስሎ፣ አንድ ሳምንት እሳቸው ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ይመላለስ ጀመር።

ያቺ ንግግር ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ለሌላ ነገር ሲሉ ለምን ነገር? ግሊሰሪኑስ እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ሁለት ክፍል ምን ያህል ቢፈጅ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንቢል ይዘው ከከተማው ወጥተው በቱላ መንገድ የሚሄዱት ወደ ማን ነው? መጠርጠር በዚያ ዘመን እንደ ጉንፋን ነበር፤ ያልያዘው ሰው አልነበረም። እኔም እየሳቅሁላቸው እቆጥርባቸው ነበር፤ ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ትሪውን በተረከብኩ ማግስት፣ የዓሣውን ሥዕል ደፍቼ አነሣሁና የመጀመሪያውን ወረቀት ጫንኩ። ሥዕሉ ወጣ። ከሥሩ ግን ሌላ ጽሑፍ ፈዞ ይታያል፤ እትዬ ቀድመው ያባዙት በደንብ ሳይጠረግ ቀርቶ ነው። መስኮቱ ዘንድ ወስጄ አነበብኩት። ሰባት ስም፣ በየስሙ ፊት ቁጥር፣ ከታች ደግሞ «ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞቅ። ከእጅ ወደ እጅ ብቻ» ይላል። ከሰባቱ አንዱንም አላውቀውም።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ቤታቸው ተገኝቶ የተወሰዱ ሰዎችን ወሬ ሰምቻለሁ። ትሪው ደግሞ አሁን ያለው እኔ ቤት ነው። የላምባ ምድጃዬን ለኮስኩና ጣድኩት። ቀልጦ ውሃ ሆነ፤ ጓሮ ደፋሁት። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ተሰብስቦ ሲልሰው እነሱንም ጠረጠርኳቸው።

ሰኞ ጠዋት «ሸተተብኝ፤ ጣልኩት» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «ይሁን፤ ዓሣ እንደሆነ አያልቅም» አሉ።

ማክሰኞ ከዕረፍት በኋላ ሁለት የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው መጡና እትዬን ከክፍላቸው አስወጧቸው። ልጆቻቸውን ከእኔ ልጆች ጋር ደርቤ ያዝኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ቤታቸው ተፈተሸ። ፈታሾቹ የጠየቋቸው ስለ ወረቀት ማባዣ ብቻ ነበር፤ አላገኙም። አንድ ቀን አሳድረው ለቀቋቸው።

ሲመለሱ ሮጬ ሄድኩ። እጄን ሳይጨብጡ «ሰኞ ጣልኩት አልሽኝ፤ ማክሰኞ መጡ» አሉኝ።

ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዲሬክተሩን ጠርጥሬያለሁ፤ መድኃኒት ሻጩን ጠርጥሬያለሁ፤ ወረቀቱን ቤት ወስዶ ያሳየ ልጅም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልነበርኩም። ይህን ለመናገር ደግሞ ለምን እንዳቀለጥኩት መናገር ነበረብኝ፤ በራሪ ወረቀት የሚበትኑ መስሎኝ ነው ማለት ነበረብኝ። ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ የሣልኩላቸው ሥዕሎች በሙሉ በሲባጎ ታስረው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። አንቺ ልጅ ማለታቸውን ትተው «መምህርት» ይሉኝ ጀመር።

ወር እንዳለፈ ከቱላ ወዲያ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት አንድ ወጣት መምህር ሊጠይቃቸው መጣ። እሳቸው ስላልነበሩ እኔን አገኘኝ። «ወረቀቱ ቀረብን እኮ። ሰባታችንም በእሱ ነበር የምናስተምረው፤ በየተማሪያችን ቁጥር ልክ ያመጡልን ነበር» አለኝ። ስሙን ጠየቅሁት። ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛው ነበር። ከኪሱ አጣጥፎ የያዘውን አንድ ወረቀት ሲዘረጋ ከመታጠፍ ብዛት የሳሳ ነው፤ የእኔ ጀልባ፣ የእኔ መረብ፣ ያመለጡት ሁለቱ ዓሦች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እትዬ ቤት ሄጄ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አልተቆጡም።

«ስሞቹን ስታዪ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉኝ።

«ፈርተሽ ነው» አሉና ራሳቸው መለሱልኝ፤ ሻይም ቀዱልኝ። ይቅር ያሉኝ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ዘዴ አላሳዩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም።

ክፍሎቻችንን የሚለያቸው ስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ፣ ልጆቼ ከአሥራ ሁለት አምስት መቀነስ አቅቷቸው እኔም እነሱም በተሰላቸንበት አንድ ጠዋት፣ ከወዲያ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። ወዲያው ጸጥ አሉ። እትዬ «አሁንስ ከአሥራ ሦስት ስድስት?» ሲሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሰባት» አሉ። ቀጠሉ፤ አንዱንም አልሳቱም። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ሄጄ ጆሮዬን ችፑዱ ላይ አስጠጋሁ። አንድ ነገር መሬት ላይ ሲንከባለል ሰማሁ፤ እንደገና ሳቁ። የክፍላቸው በር ከእኔ በር አምስት እርምጃ አይርቅም ነበር።

በክረምቱ እትዬ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። እኔ ጡረታ እስክወጣ አንደኛ ክፍል አስተማርኩ። ያን ዕለት ልጆቹን ምን እንዳሳዩአቸው አላወቅሁም።