ከጭስ ጋር የወጣ ተዝካር

ህዳር አሥራ ሁለት ቀን ነቀምቴ ውስጥ ሰው የሚቀሰቅሰው ዶሮ አይደለም፣ ሳል ነው። ገና ሳይነጋ አንዱ ጎረቤት ደጁ ላይ የከመረውን ጥራጊ ይለኩሳል፤ የሱን ጭስ ያየ ሌላው እንዳይቀደም ይቸኩላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ከተማው ጭስ ለብሶ ይጠብቃታል። ድሮ፣ እኛ ሳንወለድ፣ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት በሽታ በዚህ ወር ገብቶ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በህዳር ሚካኤል ቆሻሻ እየተቃጠለ አገር ይታጠናል። እኛ ልጆቹ ግን ስለ በሽታው ምን ገዶን! የምናውቀው የጉራጌው ባለሱቅ የካርቶን ክምር ከሁሉ አብልጦ እንደሚነድና ያረጀ ጎማ ያገኘ ሰው የዚያን ቀን የሰፈሩ ንጉሥ እንደሆነ ነው። “ጉንፋን ውጣ! ቁርጥማት ውጣ!” እያልን በእሳቱ ዙሪያ እንዘላለን። አንዷ ሙሽራ ከአጥር ጀርባ ሆና “አማቴም ውጪ!” ብላ ስትጨምር መንደሩ በሳቅና በሳል ያልቅ ነበር።

በዚያው ቀን ደግሞ ታቦት ይወጣል። ነጭ የለበሰ ሰው በጥቁር ጭስ ውስጥ እያሳለው እልል ይላል። የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ዱላውን ይዞ በየደጁ ይዞራል፤ “ጭሳችሁ የታለ?” ይላል፤ ያላጨሰ መቀጮ አለበት። በዚህ የተነሳ ሚካኤልን የማያከብሩት የሚሲዮን አማኞችም ያጨሳሉ። የእኛ ቤት ወደ ጨለለቂ መሄጃ ነበር፤ ከአጥራችን ማዶ የአስተማሪው ሚስት ትኖራለች፤ የሚሲዮን ሰው ናት። እሳቷን እየቆሰቆሰች እናቴን እንደ አገሩ የአክብሮት አጠራር “አዴ፣ ሚካኤል የናንተ ነው፤ ጭሱ ግን የጋራችን ነው” ትላት ነበር። እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

እናቴ ቢላ ከሚባለው የገጠር አገር የመጣች ኦሮሞ ናት። አባቴ ከሸዋ ከሹም ጋር መጥቶ እዚያው የቀረ፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት ዘበኛ ነበር። እሷን አግብቶ፣ አስጠምቆ፣ አዲስ የክርስትና ስም አሰጥቶ ከተማ አስገባት። በዚያ ስም ግን ከቄሱ በቀር የጠራት ሰው አልነበረም።

የሞተችው በወባ ነው፤ ህዳር አሥራ ሰባት። እኔ ያን ጊዜ ጡቴ ገና ማጎጥጎጥ ጀምሮ ነበር። ቤቱን የምትይዝ ሴት ስትጠፋ አባቴ እህቱን ከሸዋ አስመጣ። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። እጇ የማያርፍ፣ ጠርጋ የማትጠግብ፣ ለእንግዳ የማትሰስት ሴት ነበረች። የእኔ ነገር ብቻ አይገባትም።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል አባቴና አክስቴ ስለ ተዝካሩ ሲመክሩ በር ሥር ተቀምጬ ጎመን እየቀነጠስኩ እሰማለሁ።

“ሙት ዓመቷ አሥራ ሰባት ነው” አለ አባቴ።

“በአሥራ አምስት ጾም ይገባል። ለሰው ምን ልታበላ ነው? ሽሮ?”

“ታዲያ ምን ይሻላል?”

“የሚካኤል ማኅበር ዘንድሮ አንተ ላይ አይደል የወደቀው? በጉ ይታረዳል፣ ጠላው ይጠመቃል። ያው ሰው፣ ያው ቄስ ነው የሚመጣው። ሚካኤልስ ቢሆን ነፍስ የሚያሻግር መልአክ አይደለ? በዚህ አይቀየምም።”

አባቴ ትንሽ አሰበና “እውነትሽን ነው” አለ። እንዲህ ሆኖ እናቴ ልትሞት አምስት ቀን ሲቀራት ሙት ዓመቷ ወጣላት።

እኔን የጨነቀኝ ግን የበጉም የቄሱም ነገር አልነበረም። ጓዳችን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ የእናቴ ጮጮ ተሰቅሎ ነበር። ጮጮ የወተት ዕቃ ነው፤ የእናቴ ከቅል የተሠራ፣ በቆዳ የተለበጠ፣ በቆዳው ላይ ዛጎል የተደረደረበት ነበር። ስትዳር ከእናቷ ቤት ይዛው መጣች። በነሱ ቤት ልማድ ሴት ስትሞት በሙት ዓመቷ እህቷ ትመጣለች፤ ጮጮውን አውርዳ፣ በሰው ፊት በአዲስ ቅቤ ቀብታ፣ የሟችን ስም ጠርታ ለሴት ልጇ ታስረክባለች። ያን ጊዜ ነው “አሁን በሰላም ሄደች” የሚባለው። እስከዚያ ሟቿ ደጅ እንደቆመች ትቆጠራለች። ይህን የነገረችኝ እናቴ ራሷ ናት፤ ጮጮውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቅቤ እየቀባች። “አንቺን እየጠበቀ ነው” ብላኛለች።

ያን ዓመት ሙሉ ግን የሚቀባው አላገኘም። አንድ ጊዜ አክስቴን ቅቤ ብለምናት “ለወጥ ያልበቃ ቅቤ፣ ለቅል?” ብላ ሳቀችብኝ። ቆዳው እየደረቀ፣ እየተሰነጠቀ፣ የውስጡም አሮጌ ቅቤ እየሸተተ ሄደ። እኔ ግን የእናቴ እህት መምጣቷን ስለማውቅ ታገስኩ።

የሚካኤል ዕለት ጠዋት አባቴ “የእናትሽ ወገኖች ቤቱ እንዳይጠፋቸው መንገድ ድረስ ሂጂና ተቀበያቸው” አለኝ። ከቤት ስወጣ ጓዳ ገብቼ አየሁት፤ ጮጮው ቦታው ላይ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ማድጋና ቁና እየገለበጠች ትጠርጋለች።

የእናቴ ታላቅ እህት መንገድ ላይ አድራ፣ ባሏ በቅሎ እየሳበ፣ በእግሯ መጣች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋለች። በቅሎው ላይ እንዲጫን አልፈቀደችም አሉ፤ ፀሐይ እንዳያቀልጠው በነጠላዋ ከልላ መጣች። “አከም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ? እንዴት ነሽ ልጄ?” ብላ አገላብጣ ሳመችኝና ፊቴን ይዛ ብዙ አየችኝ። እናቴን እየፈለገችብኝ እንደሆነ ገባኝ።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ ከተማው ከታች ታየ፤ ከዳር እስከ ዳር ይጨሳል። ባሏ ደንግጦ በቅሎውን አቆመ።

“ከተማው እየነደደ ነው!” አለ።

“እየነደደ አይደለም” አልኩ፤ “በየደጁ ነው።”

እሷ ዓይኗን ከግቢ ግቢ አዞረች። ጭሱ በእያንዳንዱ ግቢ እንደ ዓምድ ቆሟል። ከዚያ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ “ይህ ሁሉ ሰው ለእህቴ ነው እሳት ያነደደው?” አለችኝ። በአገራቸው እንዲህ ያለ የጭስ ቀን የለም፤ የሰማችው የተዝካሩ ቀን ይሄ መሆኑን ብቻ ነው። ባሏ ሳቀባት። “ከተማ እኮ ነው ሴትዮ! ከተማ ሁልጊዜ ይጨሳል።” እሷ ግን ቀና ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ መራመድ ጀመረች። ከተማ የገባችው የተከበረ ለቅሶ እንደሚገባ ሰው ነው። በየእሳቱ አጠገብ ባለፈች ቁጥር ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፤ እሳት የሚቆሰቁሱት ሴቶችም ማን እንደሆነች ባያውቁም አጸፋውን ይመልሱላታል።

ግቢያችን ስንገባ ቄሱ ቆመው የተዝካሩን ጸሎት እየደገሙ ነበር። ታቦቱ ሊነሳ ስለሆነ ተቻኩለዋል። የማኅበሩ ሰዎች በአንድ በኩል ወንበር ይስባሉ፤ ከውጭ የልጆች “ጉንፋን ውጣ!” ይሰማል። የእናቴ እህት ቅቤዋን እንዳቀፈች ከሰዉ ኋላ ቆመች። ቄሱ ጨርሰው፣ መስቀላቸውን አሳልመው ወጡ።

“ስሟን የሚጠሩት መቼ ነው?” አለችኝ በጆሮዬ።

“ጠሩት እኮ።”

“እኔ አልሰማሁም።”

የጠሩት የክርስትና ስሟን ነዋ! እህቷ በየት ታውቀዋለች? “ግድ የለም” አለች፤ “እኔ እጠራታለሁ። ጮጮውን አሳዪኝ።”

እጇን ይዤ ጓዳ አስገባኋት። ግድግዳው ላይ የቀረው ችካሉ ብቻ ነው። ጓዳው እንዲህ ጸድቶ አያውቅም፤ ወለሉ እንኳ አዲስ ተለቅልቋል። ወጥቼ አክስቴን አገኘኋት፤ ወጥ እየጨለፈች ነበር።

“እትዬ፣ የእናቴ ጮጮ የት ሄደ?”

“የቱ? ያ የገማው ቅል?” ቀና አላለችም። “ቀኑ ዛሬ አይደል? አሮጌ ነገር ቤት አይውልም። የማዘጋጃው ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ‘ጭሳችሁ አነሰ’ ሲለኝ ከቁናው ስብርባሪ ጋር እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት። ደግሞ አነዳደዱ! ቅቤ ጠጥቶ ኖሮ እንደ ጧፍ ነው የነደደው። ዘበኛው ራሱ አመስግኖኝ ሄደ።”

የእናቴ እህት ተከትላኝ ወጥታ ከኋላዬ ቆማለች፤ አማርኛ ብዙ አትሰማም። የአክስቴን እጅ ወደ ደጅ ሲጠቁም ግን አይታለች። ወጣች። እሳቱ ጋ ስትደርስ ቅቤውን መሬት አላስቀመጠችም፤ በአንድ እጇ እንዳቀፈች በሌላው እንጨት አንስታ አመዱን መግለጥ ጀመረች። መጀመሪያ አንድ ዛጎል ወጣ፤ ጠቁሮ። ከዚያ ሌላ። ቁጢጥ ብላ ገና ትኩስ ሳሉ እየለቀመች ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። ጣቷ ሲቃጠል እፍ ትላለች፣ ደግሞ ትመለሳለች።

ውስጥ ማኅበርተኞቹ እያጨበጨቡ ነው። አባቴ ሰው ነግሮት ወጣ።

“እንዴ፣ አዴ! ምን ሆነሻል? ግቢና ቅመሺ እንጂ። የተዝካር እህል እኮ ነው።”

“የማን ተዝካር?” አለችው በኦሮምኛ። አባቴ ኦሮምኛ ጥርት አድርጎ ያውቃል።

“የሷ ነው እንጂ። ከሚካኤል ጋር አንድ ላይ አድርገነው ነው።”

ከቤት የሚወጣውን እልልታ አዳመጠችና “ሚካኤል መቼ ሞተ?” አለችው።

አባቴ ነጠላውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዞረ፤ እዚያው ቆሞ ቀረ። ባሏ ሊያባብላት “ተይው፣ የከተማ ነገር ነው” ቢላት እንኳን ልትሰማው ዞራም አላየችው።

የአስተማሪው ሚስት ከአጥሩ ማዶ ሁሉን ታያለች። እሷ የሚካኤል አይደለችም፤ ተዝካር የሚባለውንም ቤታቸው አያወጡም፤ ለሞተ ሰው አይጸለይም ነው የሚሉት። ግን የእሳት መቆስቆሻዋን ጥላ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች። ከእናቴ እህት ጎን ቁጢጥ ብላ አመዱን በእጇ ታገላብጥ ጀመር። ዛጎሎቹን አየች፤ አወቀቻቸው፤ እናቴ ስትቀባቸው ስንቴ አይታለች! ያኔ የእናቴን ስም ጠራች፤ የቤት ስሟን፣ የቢላውን። ጮክ ብላ አይደለም፤ ከአጥር ማዶ እሳት ልትበደራት ስትመጣ እንደምትጠራት አድርጋ ነው። የእናቴ እህት ይህን ስትሰማ አፏን በአመዳም እጇ ሸፍና አለቀሰች። አሸፋፈኗ የእናቴ ነበር።

በዚያ ቀን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ቤታችን ውስጥ ያን ስም የጠራ ሰው አልነበረም።

የእናቴ እህት እህል ሳትቀምስ ተነሳች። ከተዝካር ቤት ሳይቀምሱ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሸዋም ቢላም ያውቀዋል፤ አባቴም አውቆታል። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ወደኔ ዞረች። ኮባውን ፈታችው። ቅቤው እንደ ጨረቃ ነጭ ነበር።

“ይህን ይዤ አልመለስም” አለች። “ለጮጮው ነበር፤ አሁን ያለሽው አንቺ ነሽ።” ሻሼን አውልቃ፣ ያንን ሁሉ ቅቤ፣ ጣቶቿ ላይ ካለው አመድ ጋር፣ አናቴ ላይ አደረገችው። ከዚያ የእናቴን ስም እየጠራች ጠጉሬን ዳሰሰችው። ቅቤው በግንባሬ፣ በጆሮዬ ጀርባ፣ በአንገቴ ወረደ። “ዛጎሎቹን ሌላ ጮጮ ላይ እሰፋቸዋለሁ፤ ስትዳሪ ይዤልሽ እመጣለሁ” አለችኝ። “ነጋቲ” ብላ ሄደች። የእኔ መዳር ሲደርስ ግን አክስቴ ወደ ቢላ መልእክት አላከችም፤ የእናቴም እህት በሰው ሰው ሰምታ ቀረች።

ያን ቀን ማታ አክስቴ “ምነው፣ በአመድ በተለወሰ ቅቤ! ሰው ምን ይለናል?” ብላ አስቀምጣ በሳሙና አጠበችኝ። አጣጠቧ ደግሞ ርኅራኄ የተሞላበት ነበር፤ ዓይኔን እንዳይለበልበኝ በመዳፏ እየከለለች። ውሃው ጠቁሮ እስኪወርድ፣ ከዚያ ነጥቶ እስኪወርድ፣ ሦስት ጊዜ ቀየረችው።

አሥራ ሰባት ዕለት ጾም ነበር። አባቴ ከሥራ ገባ፣ ታጠበ፣ ሽሮ ቀረበለት። “ሽሮው ጥሩ ነው” አለ። አክስቴ ደስ አላት። ማንም ሌላ ነገር አላነሳም። እኔ ጓዳ ገብቼ ባዶው ችካል ሥር ቁጭ አልኩ፤ ጣቴን ከጆሮዬ ጀርባ አስገብቼ አሻሸሁና አሸተትኩት።

ሳሙና ነበር የሚሸተው።